አባ ጎርጎርዮስ የረገጡትን ቤተ መንግሥት በአማርኛ አስጎብኙን

ይድረስ፦ በርሊን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ

ክቡራን፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ቱሪንገን ውስጥ፣ ጎታ ከተማ ስላለው ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ነው። አብዛኛው ቱሪስት ኖይሽቫንሽታይንን አይቶ ይመለሳል። ለእኛ ግን ከጀርመን ቤተ መንግሥቶች ሁሉ የሚቀርበን ይሄኛው ነው። (ዓመታቱን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በቦታው ቀድሞ ግሪመንሽታይን የሚባል ምሽግ ነበር። በ1567 ፈረሰ። መስፍን ኤርንስት ቀዳማዊ የአሁኑን ማሠራት የጀመሩት በ1643 ነው፤ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና አገሩን እየበላ ሳለ። ስሙን ግን ፍሪደንሽታይን፣ ማለትም የሰላም ድንጋይ አሉት። በመግቢያው በር አናት ላይ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ በድንጋይ ተቀርጸዋል፦ ሰላምና ጽድቅ ናቸው። ዳዊት የሚደግም ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሕንፃው ሰፊ ግቢ የያዘ ባለ ሦስት ክንፍ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጌጥ የለውም ማለት ይቻላል። የመስፍኑ መኖሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሁሉ እዚያው ነበር። የሁለቱ ማማዎች ጣሪያ አይመሳሰልም። በምዕራቡ ማማ ውስጥ በ1680ዎቹ የተሠራ ትንሽ ቴአትር ቤት አለ። ከመድረኩ ሥር ያለውን የእንጨት መዘውር ሰዎች ሲያዞሩት ግራና ቀኝ ያሉት የመድረክ ሥዕሎች ባንዴ ይቀየራሉ። መሣሪያው እስከ ዛሬ ይሠራል!

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍኑ ተጋብዘው ጎታ የመጡት ግንባታው ገና ሳያልቅ ነው። መስፍኑ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩ ልማድ ጠየቋቸው። ያስተረጎመው ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነበር። ሉዶልፍ ከእሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አማርኛ የታተመ ሰዋስው ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ለማየት አልታደሉም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

በዓለም የታወቀው የሉዶልፍ ስም ነው። እውቀቱ ግን የአባ ጎርጎርዮስም ነው፤ ይህን ደግሞ መናገር ያለብን እኛው ነን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ከቤተ መንግሥቱ አስተዳደር ጋር ተነጋግራችሁ ጎብኚው በስልኩ የሚያዳምጠው የአማርኛ ማብራሪያ እንዲዘጋጅ አድርጉ፤ የአባ ጎርጎርዮስም ታሪክ በቅጡ ይግባበት። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን ወደ ጎታ የሚወስድ ጉዞ አዘጋጁ። ከበርሊን በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ትርጉሙን በነፃ ለመሥራት እኔ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጀርመን ነዋሪ የሆንኩ ኢትዮጵያዊ