በጥር 23 ለሰልጣኞች ፈረስ ስላለመስጠታችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ጥር 23 እዚህ እንጅባራ በተከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ለፈረስ ግልቢያ ሰልጣኞቻችን ፈረስ አንሰጥም በማለታችን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁ ደርሶኛል። የበዓል ልብስ አሰፍታችሁ፣ ዘመድ ከባሕር ዳርና ከዳንግላ ጠርታችሁ ሳለ እምቢታ በመስማታችሁ አዝናለሁ፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን ፈተናችንን ላላለፈ ሰልጣኝ ለሚቀጥለውም ዓመት የሚጸና ስለሆነ ምክንያቱን ሳላስረዳችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

አስቀድሜ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ፈረሶቹን ለበለጠ ከፋይ ሰጥቷል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፤ ወሬው ቤቴ ገብተው ቡና ከጠጡ ሰዎች አፍ ባይወጣ ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋኝ ነበር። ከጋጣችን ፈረሶች ጥቂቶቹ በሜዳው መታየታቸው እውነት ነው፤ የተቀመጡባቸው ግን ረዳት አሠልጣኞቻችን ናቸው፤ እነርሱም በፈረስ ጀርባ ላይ ያደጉ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ሲሆኑ ለዚያ ቀን ሳንቲም አልከፈሉም፣ አልተከፈላቸውምም። የጥር 23 ኪራይ ለእኛ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠው ገቢ ነው፤ የክረምቱን ገብስ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ የምንገዛው በእርሱ ነበር። የመኖ ዋጋ የት እንደደረሰ ከብት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ገቢ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ፈረሶቹን ሁሉ ማከራየት እንጂ ማሰር አይቀናኝም።

ዋናው ጉዳይ የሚከተለው ነው። ቅር የተሰኙት ሰልጣኞች አብዛኞቹ በእርምጃና በሶምሶማ ጥሩ ይቀመጣሉ፤ ጥቂቶቹ ከሶምሶማ ፈጠን ያለውን ሩጫ፣ ደንገላሳን፣ ጀምረዋል። በአጥር በተከበበው የማሰልጠኛ ሜዳችን ውስጥ ይህ የሚያኮራ ደረጃ ነው። የበዓሉ ሜዳ ግን ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ይቆማል፣ እልልታና ጡሩምባው ይደበላለቃል፣ ፈረሰኞች በሽምጥ ይወጣሉ። ፈረስ በመንጋ የሚኖር፣ ከአደጋም በሽሽት የሚድን እንስሳ ነው፤ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው በስተኋላ ካለው ጠባብ ስፍራ በቀር ዙሪያውን ያያልና አጠገቡ ያሉት ሲፈተለኩ የጀርባውን ሰው ሳይጠይቅ አብሮ ይፈተለካል። ያን ጊዜ ጀማሪ ሰው ሳያስበው በእግሮቹ የፈረሱን ጎን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፣ በእጁም የልጓሙን ዛብ ይስባል። ፈረሱ የጎኑን ግፊት «ሂድ» ብሎ ስለተማረ እግሩ ሂድ ሲለው ልጓሙ ቁም ይለዋል፤ በዚህ መካከል ወይ በኋላ ሁለት እግሮቹ ይቆማል፣ ወይ ሩጫው ይብሳል። ፈረሱ በዚህ አይወቀስም፤ ያደረገው የተማረውን ነው።

ፈረሱም ቢሆን ይጎዳል። ለጀማሪ የሚሰጥ ፈረስ ማለት የሰውን ስሕተት መታገሥ የተማረ ፈረስ ማለት ነው፤ ይህን ለማስተማር ከጉግስ ፈረስ ይልቅ ብዙ ወራት ይፈጃል። በዚህ ላይ ዕድሜው ሳይደርስ ኮርቻ አንጭንበትም፤ የጀርባ አጥንቱ ጠንክሮ የሚያልቀው ጥርሱ ሞልቶ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ስለሆነ። እንዲህ የተለፋበትን ፈረስ አንድ ቀን በማያውቁ እጆች አፉን በልጓም ብረት አስቀጥቅጦ፣ በሆታ አስፈርቶ መመለስ ይቻላል፤ በማግስቱ ግን ልጆቻችሁን አላስቀምጥበትም።

ሁለተኛው ቅሬታ ሰልጣኞች እንዲያደርጉ ስለምናዘው ሄልሜት፣ ማለትም ራስን ከጉዳት ስለሚጠብቀው ጠንካራ ቆብ ነው። በባህል ልብስ ላይ አያምርም፣ ፎቶ ያበላሻል ተብሏል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አያምርም እላለሁ። የሞተር ሳይክል ቆብ ይበቃል ያላችሁም አላችሁ፤ እርሱ ከባድ ነው፣ ጎንና ጎን ማየትንም ይከለክላል፣ የተሠራውም ለሌላ ዓይነት አወዳደቅ ነው። የፈረሰኛ ሄልሜት አንድ ጊዜ በኃይል ከመታ ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣላል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣን ዕቃ ደጋግሞ መተካት ለትንሽ ድርጅት ምን እንደሆነ ለነጋዴዎቻችሁ አልነግርም። አባቶቻችን ያለ ሄልሜት ኖረዋል ላላችሁኝ ግን አባቶች በጥንቃቄ ጉድለት እንደማይታሙ ላስታውሳችሁ። በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ በእርካቡ ቀለበት እያስገቡ ይጋልቡ ነበርና ሲወድቁ እግራቸው ቶሎ ይላቀቅ ነበር። ዛሬ በሰፊ የብረት እርካብ ውስጥ ጥርሳም ሶል ያለው ቡትስ ሲገባ እግሩ ተይዞ ይቀራል፤ ሰውየውም ይጎተታል። ስለዚህ ሶሉ ለስላሳ፣ ተረከዙ አጭር ቁመት ያለው ጫማ አድርጉ የምንላችሁ ለማስቸገር አይደለም።

ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በዓሉን ያከበሩት ፈረሱን ከውርንጭላነቱ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። አባቴም ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ እኔን ኮርቻ ላይ ሳያስቀምጠኝ በፊት ፈረሱን ውኃ ማውረድ፣ ሰኮናውን መጥረግና ጀርባውን በእጅ መዳሰስ አስለምዶኛል። ፈረስ የኮርቻው ጠፍር ሲጠብቅበት ሆዱን እንደሚነፋና ጥቂት ከተራመደ በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት ያሳየኝ እርሱ ነው። ይህን ማሰልጠኛ የከፈትሁት ይኸው ዕውቀት ከከተማ ልጆች እንዳይርቅ ብዬ ነው እንጂ ለንግድ ከሆነ ባጃጅ መግዛት ይሻለኝ ነበር። እንግዳ በቀነሰባቸው ወራት እንኳ ልጆቻችሁን ማምጣት ያላቋረጣችሁ እናንተ ናችሁ፤ ቅያሜያችሁ የከበደኝም ስለዚህ ነው።

ከእንግዲህ በበዓሉ ለመጋለብ የሚፈልግ ሰልጣኝ ደንገላሳን በሁለቱም አቅጣጫ መቀመጥ፣ በማንኛውም አረማመድ ፈረሱን ማቆም፣ ከሌሎች ፈረሶች ጋር በቡድን መውጣትና ኮርቻውን ራሱ ጭኖ ማጥበቅ ይኖርበታል። ፈተናው በታኅሣሥ ወር ይሰጣል፤ ያለፈ ሰው ፈረስ ያገኛል፣ ከጎኑም አሠልጣኝ ይሄዳል። ለዘንድሮው በዓል አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ገንዘባችሁን በሙሉ መውሰድ ወይም በትምህርት ሰዓት መቀየር ትችላላችሁ፤ ምርጫው የእናንተ ነው፣ የሚጠይቃችሁም የለም። ትምህርቱ እንደ ወትሮው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይቀጥላል። የተቀየማችሁትም ብትሆኑ ጎራ ብላችሁ ፈረሶቹን ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የማሰልጠኛው ባለቤትና አሠልጣኝ
እንጅባራ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.