አባዬ፣ ስለዚያ ማታ ስልክ

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ሳልህስ?

እትዬ «ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ክሊኒክ እንሂድ ስለው ብርድ ነው ይለኛል» አለችኝ። የባሕር ዳር መጋቢት ደግሞ ምን ብርድ አለው? ማለዳ ጣና ዳር መውጣትህንም አልተውክም አሉ። መቼም አንተን የሚያዝህ የለም።

እኛ ደህና ነን። ሚጡ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ልወርውረው አለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምን ጣሪያ? አልቅሳ አልቅሳ በሶፍት ጠቅልላ አስቀመጠችው፣ የአባባ ቤት ቆርቆሮ ላይ ነው የምወረውረው ብላለች። ቁጥር ትወዳለች፣ የመኪና ታርጋ ሳይቀር ታነባለች። ወደ አንተ ነው የሄደችው።

ቁጥር ካልኩ አይቀር፣ እትዬ ቁም ሳጥን ስታጸዳ ያገኘችውን የኮሮና ደብተርህን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። በማስመሪያ አስምረህ፦ የተመረመሩ፣ የተያዙ፣ ያገገሙ፣ ያረፉ። ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ይጀምራል፣ «1፣ ጃፓናዊ» ብለህ። የሒሳብ አስተማሪ ጡረታ አይወጣም እኮ።

ያኔ ሁላችንም እንዳንተ ነበርን። የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ የዕለቱን ቁጥር እስክታወጣ ስልክ ላይ ተተክለን ነበር የምንውለው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሞቱ ሲባል እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አልዋለችም? ለማታውቃቸው ሰዎች!

ከዚያ ሰለቸን። በሽታው አልሄደም፣ እኛ ነን የሰለቸን። «ባለፉት 24 ሰዓታት በተደረገ የላቦራቶሪ ምርመራ» የሚለውን ሕፃን ሁሉ በቃሉ ያዘው። ስልክ በደወልን ቁጥር እጅ ታጠቡ የሚለው ድምፅ ይቀድመን ነበር፣ አንድም ቀን እሱን ሰምቼ የታጠብኩ አይመስለኝም። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲመጣ ኮሮና ከዜናው ራስ ወደ ጅራቱ ወረደ። ዜና አንባቢዎቹም እንደ አየር ጠባይ ያነበንቡት ጀመር። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ቻናል እቀይር ነበር። እምቦጩንስ እንዲሁ አልነበር ያደረግነው? አንድ ሰሞን ጣና ጣና አልን፣ ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። በስልክ ልነግርህ ስንቴ ሞክሬ አልወጣልህ ብሎኛል።

መጋቢት 2013 ነው፣ በቀን ከ2,000 በላይ ሰው መያዝ የጀመረበት ሰሞን። ሚጡ የሦስት ሳምንት ልጅ ናት፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ ስፌቱ ያመኛል። ማታ ደወልክ። «ዛሬም ጨምሯል፣ ጽኑ ሕሙማኑም በዝተዋል» ብለህ ጀመርክ። «አባዬ በማርያም፣ የኮሮና ዜና ተወኝ፣ አንገሽግሾኛል» አልኩህ። ዝም አልክ። ቆይተህ «እሺ ልጄ፣ ደህና እደሪ» አልከኝ። ከኋላህ ሰው ሲያስል ይሰማኝ ነበር። ሰምቼ ነው የዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ እማዬን አገናኘኝ ስልህ «ተኝታለች»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ትለኝ ነበር። 12 ቀን ሙሉ! ቀብራችሁ፣ ሰልስት አውጥታችሁ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ነው የሰማሁት። አራስ አይረዳም፣ ወጉን አውቃለሁ። ወተቷ ይደርቃል ብለህ እንደፈራህም አውቃለሁ። ግን እኔ ያን ሰሞን ገንፎ ልታገነፋልኝ አልመጣችም ብዬ እማዬን ተቀይሜ ነበር አባዬ። ለሞተች ሰው ሳኮርፍ ከረምኩ። ይህን ይቅር ማለት እስካሁን አቅቶኛል፣ እውነቱን ልንገርህ።

ይኸውና ትናንት ፎቶውን አጉልቼ ሳየው፣ በገጹ ዳር በእርሳስ የተጻፈ ትንንሽ ቁጥር አለ። 38.4፣ 38.9፣ 39.2። መጀመሪያ ምንነቱ አልገባኝም። የእማዬ ትኩሳት ነው፣ አይደል? 39.2 የሚለው ደግሞ የደወልክበት ቀን ረድፍ ላይ ነው። ዜና ልትነግረኝ አልነበረም የደወልከው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ደብተሩ ባዶ ነው። አገሩ በጠቅላላው ከ7,500 በላይ ሞት መዝግቧል፣ እማዬ ስላልተመረመረች እዚያ ውስጥ የለችም። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ሲል ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ወደ ኳስ ቀየረው። ማንም ምንም አላለም፣ እኔም።

በል፣ ሐሙስ እትዬ ትወስድሃለች፣ እንዳትከራከራት። ደረትህን ራጅ ተነሣ። ብሩን በቴሌብር ልኬላታለሁ። የግፊት መድኃኒትህንም ሳትውጥ እንዳትወጣ። ያ ቴርሞሜትር አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ ብላኛለች። ለካና ማታ ስደውል ቁጥሩን ንገረኝ።

ልጅህ