የዱቤ ደብተራችን እና ሰላም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መርካቶ ውስጥ ብትን ጨርቅ በጅምላ እሸጣለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ናቸው፤ የጅማ፣ የደሴ፣ የሻሸመኔ፣ የጎንደር፣ የመቀሌ። የምንሠራው በዱቤ ነው። ውል የለም፣ ማኅተም የለም። ጣቃው አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ሰውየው ሸጦ ይልክልኛል። በቃ።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ለጥቂት ወራት ጋብ ያለ ሲመስል ለአንድ የመቀሌ ደንበኛዬ ዕቃ ላክሁላቸው። 86 ሺህ ብር ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስልክ ጠፋ። ባንክም ተዘጋ። ዓመት ከመንፈቅ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፣ ታኅሣሥ ላይ የመቀሌ ስልክ መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ስከፍት ስልኬ ጠራ።

«አለህ ወይ?» አሉኝ።

«አለሁ ጋሼ፤ እርስዎስ?»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ዕዳህን አልረሳሁም። ሱቁ የለም፣ ደብተሩ ግን አለ» አሉኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እኔ እኮ ስማቸውን ልሰርዘው ነበር። ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴ ሁለት ሺህ፣ አንዳንዴ አምስት ሺህ እየላኩ ጨረሱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩ ሲቆራረጥ፣ በእያንዳንዱ የጅምላ ነጋዴ ደብተር ውስጥ የወዲያኛው ወገን ሰው ስም ነበረ። እንዲህ ያለ መተማመን ባለሥልጣን የለውም፣ ታጣቂም የለውም። እኛ አለን። ምን አደረግንበት? «ጎመን በጤና» ብለን ተቀመጥን።

እኔም አንዱ ነበርኩ። በ2014 መግቢያ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ከእቁባችን አባላት አንዱ ታሰረ። ትግራይ ተወላጅ ነው፤ ሱቁም ታሸገ። ሦስት ሳምንት ሳይቆይ ዕጣው ለእሱ ወጣ። እቁብ የገባ ሰው እንደሚያውቀው ዕጣ የወጣለት ብሩን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ለታሰረ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? ክፍሉ ጸጥ አለ። የእቁቡ ዳኛ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «እኔ እሆናለሁ፤ ብሩ ለባለቤቱ ይድረስ» አሉ። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። እኔ አላወጣሁም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ ትልልቆቹ የንግድ ሰዎቻችን ለመናገር ነው። ባለፈው ዓመት ነጋዴው ለሰላም ስላለው ሚና የሚመክር ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ነበር። አዳራሹ ያማረ ነው። ንግግር ተደረገ፤ በካርቶን የተሠራ ትልቅ ቼክ መድረክ ላይ ወጣ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ምሳ በላን። አጠገቤ የተቀመጡት የጭነት መኪና ባለንብረት በቡና ዕረፍት ሰዓት ጎናቸውን ወደ እኔ አስጠግተው አንድ ሾፌራቸው መንገድ ላይ ታግቶ ቤዛ እየተጠየቀበት እንደሆነ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ከዕረፍት ስንመለስ ያነሡታል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሡም። ከመድረክም ማንም ስለ መንገድ አልጠየቀም። የሰላም ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ስለታገተው ሾፌር መናገር ፈራን።

ለተጎዳ መስጠት የተቀደሰ ነገር ነው፤ ይቀጥል። ግን ገንዘብ የሚሰጥ ሌላም ሞልቷል። ነጋዴው ብቻ ሊሰጥ የሚችለው ነገር ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ የቱኒዚያ ነገር ይታወሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ቱኒዚያ ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። በየካቲት ሹክሪ በልዒድ፣ በሐምሌ ደግሞ መሐመድ ብራህሚ የተባሉ ሁለት የተቃዋሚ ፖለቲከኞች በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ፓርላማው ሥራ አቆመ። ያኔ አራት ድርጅቶች ተነሡ። አንደኛው የሠራተኞች ማኅበር ነው። ሁለተኛው የአሠሪዎቹ፣ ማለትም የኢንዱስትሪ፣ የንግድና የዕደ ጥበብ ማኅበር ሲሆን፣ በወይዘሮ ዊዴድ ቡሻማዊ ይመራ ነበር። የሰብዓዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማኅበር ተጨመሩ። አስቡት፤ በደመወዝ ጉዳይ ዘወትር የሚናከሱ አሠሪና ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፖለቲከኞቹን «እናንተም ኑና ተቀመጡ» አሏቸው። የጊዜ ሰሌዳ አስፈረሟቸው። ድርድሩ ብዙ ጊዜ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ መንግሥት ሥልጣኑን ለገለልተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር አስረከበ፤ በጥር 2014 አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አራቱም በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ቱኒዚያ ከዚያ ወዲህ፣ በተለይ ከ2021 በኋላ፣ ወደ ኋላ ተመልሳለች። ቢሆንም ያን ዓመት ወደ እርስ በርስ ጦርነት አልገባችም። ለዚህ ደግሞ የአሠሪዎቹ ማኅበር ድርሻ አለበት።

ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 የነፃነት ታጋዩ ማንዴላ፣ የያኔው ፕሬዚዳንት ደ ክለርክና የኢንካታ ፓርቲ መሪ ቡቴሌዚ የፈረሙት የሰላም ስምምነት ከጀርባው የቤተ ክርስቲያን መሪዎችና የኩባንያ ኃላፊዎች ነበሩበት። ስምምነቱን የሚከታተለው ብሔራዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጆን ሆል የኩባንያ ሰው ነበሩ።

እኛም ከባዶ አንነሣም። በ1950ዎቹ የመርካቶ የጉራጌ ነጋዴዎች ከኪሳቸው እያዋጡ ወደ አገራቸው የሚወስደውን መንገድ ያሠሩ ጀመር። ዛሬ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው በእነዚያ ባለሱቆች መዋጮ በተጀመረ መንገድ ላይ ነው የሚጓዘው። መንግሥት እስኪጠራቸው አልጠበቁም፤ ራሳቸው ሄደው «ድርሻችን ይኸው፣ ድርሻችሁን ጨምሩ» አሉ። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤትም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ተቋም ነው። ስም አለው። የሚሰማው ሰው አለ።

ስለዚህ ከንግድ መሪዎቻችን የምጠብቀው ይህን ነው። መጀመሪያ ስለ መንገድ በአንድ ድምፅ ተናገሩ። አንድ ባለመኪና ብቻውን ቢናገር ነገ መኪናው ይቃጠላል። ምክር ቤቱ፣ የባለንብረቶቹ ማኅበር፣ የባንኮቹ ማኅበር አንድ ላይ ሆነው «ሾፌር አይታገት፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ የጫነ መኪና አይቁም» ቢሉ ግን ቃሉ ክብደት አለው። ለመንግሥትም፣ ለታጣቂውም፣ ለሁሉም እኩል ይባል። ለአንዱ ወገን ብቻ የሚባል ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛው የማስታወቂያ ብር ነው። ይህ ብዙም ሲወራበት አልሰማሁም። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ሰውን በዘሩ የሚሰድብ፣ «ተነሥ፣ ምታ» የሚል ፕሮግራም እናያለን። መሐል ላይ ቆም ይልና «ይህን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደረገው» ይላል። የቤት ዕቃ መሸጫ ነው፣ ሪል ስቴት ነው፣ ጉዞ ወኪል ነው። ባለቤቱ ምናልባት ፕሮግራሙን አይቶትም አያውቅ ይሆናል፤ ገበያ አለው ተብሎ ከፈለ። እባካችሁ እዩት። ለዚያ ብር መስጠት ለቤንዚን መስጠት ነው።

ሦስተኛው የራሳችን ቤት ነው። የምንቀጥረው ማንን ነው? ጎተራችን፣ ፋብሪካችን በር ላይ የሚውሉት የሰፈር ልጆች ውስጡን አይተውት ያውቃሉ? በ2008 እና በ2009 በኦሮሚያና በአማራ የእርሻ ድርጅቶችና ፋብሪካዎች ሲቃጠሉ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የመሬቱ ነገር አለ፣ የፖለቲካው ነገር አለ። ግን በአጥሩ ውስጥና በአጥሩ ውጭ ያለው ሕይወት ምንም አለመገናኘቱም አለበት። ለሠፈሩ ልጆች ሙያ ያስተማረ፣ የጉድጓዱን ውሃ ለጎረቤት ያጋራ ባለሀብት ችሮታ አደረገ አልልም። ጎረቤት ሆነ።

ደግሞ እውነቱን እንናገር። ከጦርነት የሚያተርፍ ከመካከላችን አለ። መንገድ ሲዘጋ መጋዘኑን ቆልፎ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቅ አለ። እሱን የንግድ መሪዎች በስሙ ካልተቃወሙት ሕዝቡ ሁላችንንም በአንድ ዓይን ያየናል። ቢያየንም አይፈረድበትም። ደግሞስ የከሰረው ማን ነው? በጦርነቱ ምክንያት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከሚያስገባው ዕድል ስንወጣ፣ ልብስ ገዢው የውጭ ኩባንያ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሎ ሲሄድ ሥራቸውን ያጡት ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። አሁን ዓረብ አገር ናት።

አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ የንግድ ምክር ቤት መሪዎችንና የትልልቅ ድርጅቶችን ባለቤቶች ስለ ትርፍና ስለ ግብር ዘወትር ይጠይቃል። እስቲ ይህንንም ጠይቁልን፦ መንገዱ እንዲከፈት በአንድ ላይ ለመናገር ፈቃደኛ ናችሁ ወይ? የማስታወቂያ ብራችሁ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ ወይ? መልሳቸውን፣ መልስ እምቢ ካሉም እምቢ ማለታቸውን አትሙልን። እኔ በበኩሌ በሚቀጥለው የምክር ቤቱ ጉባኤ ላይ የሾፌሩን ጉዳይ አነሣለሁ። ባለመኪናውን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ አብረውኝ ሊቆሙ ቃል ገብተውልኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከመርካቶ፣ አዲስ አበባ