ጉድጓዱን ማን ይዝጋው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ በሙያ ምክር ዓምዳችሁ ላይ የነዳጅ ምህንድስና ጀንበር እያዘቀዘቀችበት ያለ ሙያ ነው ተብሎ ወጥቷል። የባሕር ወለል ምህንድስናም እዚያው ውስጥ ተደምሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። የወንድሜ ልጅ ጽሑፉን በቴሌግራም ላከችልኝና ከሥሩ «አክስቴ፣ አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለችኝ። ቀልዷን ነው። ግን መካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናት፣ የቱ ዘርፍ ይሻለኛል እያለች የምታወጣ የምታወርድበት ጊዜ ላይ ነች። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኔ የባሕር ወለል መሐንዲስ ነኝ። የምሠራው ማንም ሄዶ በማያየው ብረት ላይ ነው፤ ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ኬብል፣ መልሕቅ። ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ኑሮውን በአዲስ የነዳጅ መስክ ፍለጋ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስህተቱ ሙያውንና ነዳጁን አንድ ማድረጉ ነው።

ስኮትላንድ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረውን ሃይዊንድን እንይ። አምስት የነፋስ ተርባይኖች ባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዱን የያዙት ሦስት መልሕቆች ናቸው። መልሕቁ ግዙፍ የብረት በርሜል ነው፣ አፉ ወደ ታች የተደፋ። ወለሉ ላይ ካረፈ በኋላ በውስጡ ያለው ውሃ በፓምፕ ይመጠጣል። ያኔ የውጭው ውሃ ግፊት ራሱ ጭቃው ውስጥ ይቀብረዋል። መዶሻ አያስፈልገውም። ይህን ዘዴ ለዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት የነዳጅ ሰዎች ናቸው። ኖርዌይ ውስጥ ያለው ወንድሙ፣ ሃይዊንድ ታምፐን፣ 11 ተርባይኖቹን በ19 የጋራ መልሕቆች ይዟል። የሚያመነጨው ኃይል ደግሞ የሚሄደው ስኖሬና ጉልፋክስ ለተባሉት ባሕር ላይ ያሉ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ነው። ነገሩ ፈገግ ያሰኛል፣ አውቃለሁ። ሽግግር ሲባል ግን እንዲህ የተደባለቀ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከባሕር ወለል በታች መቅበርም አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌይ በስላይፕነር የጋዝ መስክ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምራ ስትቀብር ቆይታለች። ጋዝ በቧንቧ ሲሄድ ዕንቅልፍ የሚነሳን ውሃ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል፣ ቅዝቃዜው ገና ዜሮ ሳይደርስ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴንና ውሃ ተያይዘው በረዶ መሳይ ነገር ይሠሩና ቧንቧውን ይደፍኑታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ደግሞ ውሃ ከገባ አሲድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል፤ ግፊቱ በድንገት ከወረደም ጋዙ ራሱ ይደርቅና ጠጣር ይሆናል። ጠባዩ ይለያይ እንጂ የሚጠብቀው ሰው ያው ነው።

አሁን ዓምዱ ጨርሶ ወዳላነሳው ጉዳይ ልምጣ። የነዳጅ ዘመን ነገ ያበቃል እንበል። እሺ፣ ጉድጓዶቹን ማን ይዝጋቸው?

ጉድጓድ መዝጋት ቁልፍ አዙሮ መሄድ አይደለም። ከመርከብ የሚመራ ሮቦት ይወርዳል። እኛ ላይ ሆነን በስክሪን እናያለን። ሮቦቱ ወደ ቫልቩ ሲጠጋ የፕሮፔለሩ ውሃ ደለሉን ያነሳውና ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። እስኪጠራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ የሚደረግ የለም። ሲጠራ ደግሞ የቫልቩ ምልክት በባሕር ፍጥረታት ተሸፍኗል፣ ተፍቆ መነበብ አለበት። የንድፍ ሥዕሉ ላይ ያለውና ወለሉ ላይ የተቀመጠው የማይመሳሰሉበት ጊዜም አለ፤ በመሃል የሆነ ሰው የሆነ ነገር ቀይሮ አልመዘገበም። ከዚያ ማዞር ይጀመራል። ወረቀቱ የሚለው ዙር ግማሽ ሳይሞላ ቫልቩ ቀጥ ይላል። ተዘግቶ ነው ወይስ ዝጎ ተቸንክሮ? ጉልበት ጨምር ብትል ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። ተወው ብትል ከጀርባው ምን እንዳለ አታውቅም። እዚህ ላይ ሁሉም ዞሮ የሚያየው አንድ ሰው አለ፤ ያንን የቫልቭ ዓይነት በወጣትነቱ የገጠመ ሽማግሌ። እሱ ጡረታ ሊወጣ ነው። ከጎኑ ተቀምጦ የሚማር ወጣት ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ምክንያቱም «ይህ ሙያ አብቅቶለታል» ተብሏል።

ከቫልቩ በኋላ ሲሚንቶው ይቀጥላል። ጉድጓዱ ውስጥ በተለያየ ጥልቀት ይሞላል፣ በግፊት ይፈተናል፣ በመጨረሻም የብረት ቱቦው ከወለሉ በታች ይቆረጣል። የኖርዌይ ደረጃ የሚጠይቀው መዝጊያው ለዘላለም እንዲቆይ ታስቦ እንዲሠራ ነው። ለዘላለም! ለድልድይ እንኳ እንዲህ ያለ መስፈርት ሲጠየቅ አላየሁም። ከቁጥጥር ያመለጠ ጉድጓድ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ታይቷል። 11 ሰዎች ሞቱ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው ጉድጓድም 87 ቀን ፈሰሰ።

ሁሉም ዕውቀት እንዳለ ይሻገራል እያልኩ አይደለም። ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ብዙዎቻችን ደካማ ነን። የባሕር የነፋስ ማመንጫዎች የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ በብዛት የሚነሳው ደግሞ ከኬብል ነው። ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ኬብል፣ ኢስትሊንክ 2፣ በታኅሣሥ 2024 ከተበጠሰ በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2025 ሰኔ ነው። ጠጋኝ መርከብ እንደልብ አይገኝም፤ ኬብል የሚቀጥል ባለሙያም እንደዚያው።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ለነዳጅ መድረክ የሚያስፈልገውን የደህንነት ሥልጠና ወስጃለሁ። በሄሊኮፕተር ቅርጽ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ታስረሽ፣ ገንዳ ውስጥ ተገልብጠሽ፣ ቀበቶ ፈትተሽ መውጣት ነው። ወደ ነፋስ ፕሮጀክት ስዛወር ያ ወረቀት እዚህ አይሠራም ተባልኩ። ሌላ ገንዳ፣ ሌላ ሰርተፊኬት፣ ያውም ከኪሴ። ከፍታ ላይ መሥራትን ያስተምሩኝ፣ አልቃወምም፤ አላውቀውም ነበር። ባሕር ውስጥ መንሳፈፍን ግን እንደ ጀማሪ እንድደግም የተደረገው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ብሪታንያ ውስጥ ይህን ለማቅለል በ2025 የኃይል ክህሎት ፓስፖርት የሚባል ነገር ተጀምሯል። ለሌላውም አገር ይድረስ።

ለወንድሜ ልጅ የመለስኩላት አጭር ነው። የብረት ዝገትን ተማሪ፣ የአፈር ምህንድስናን ተማሪ፣ ኤሌክትሪክን አትሽሺ። የነዳጅ ኩባንያ ስም ያለበት የልምምድ ዕድል ቢመጣም አትግፊው፤ የድሮዎቹ ሰዎች ያሉት እዚያ ነው።

እናንተ ደግሞ በዚሁ ርዕስ ስትመለሱ ጉድጓድ የሚዘጋና ኬብል የሚጠግን ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ። ባሕር ላይ ካልሆንኩ እኔም ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባሕር ወለል መሐንዲስ