«ትንሽ ነው የቀረሽ» ላለችኝ፣ ለሁላችሁም

ወሬው ሁላችሁም ጋ ደርሷል። ቪዲዮውንም አይታችሁታል፤ ምላሴ ከጨው አብጦ ስንተባተብ ጭምር። ስለዚህ የእንግሊዝን ቻናል፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር፣ በዋና እንዴት እንደተሻገርኩ ከሀ እስከ ፐ አልተርክም። 16 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፈጀ፣ በቃ። ትከሻዬ እስካሁን ፀጉሬን ላበጥር ስል እሺ አይለኝም። አሁን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ሳምንቱን ሙሉ እየጀመርኩ እንባ ሲቀድመኝ ስተወው ነበር።

ጓደኛዬን በስሟ እንዳልጠራት አስምላኛለች። «ስሜን ካየሁት አኮርፍሻለሁ» ብላለች፤ ስታኮርፍ ደግሞ አውቃታለሁ። ስለዚህ «እሷ» እያልኩ ልቀጥል። የምታውቋት ታውቋታላችሁ።

እሷ ዋና አትችልም። ይሄ ይታወቅልኝ። ባሕር ዳር አብረን ነው ያደግነው። እኔ ጣና ውስጥ ስንቦጫረቅ እሷ ዳር ላይ ልብሴን ይዛ «ጉማሬ መጣ!» እያለች ታስፈራራኝ ነበር። ለንደን ከመጣንም በኋላ ሥራዋ አልተቀየረም፤ ልብስ መያዝ። ቻናሉን ብቻውን የሚሞክር ሰው አስቀድሞ 16 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ 6 ሰዓት መዋኘት አለበት። ያን ቀን ዶቨር ወደብ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ስድስቱንም ሰዓት ተቀምጣለች። ስወጣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ እሷ ናት። እንደ ሕፃን፣ ተንበርክካ።

የበሶውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ብዙ ዋናተኛ በሞቀ ውሃ የሚበጠበጥ የታሸገ ዱቄት ነው የሚጠጣው። እኔን ያስመልሰኛል። ልተወው ነው ስላት «በሶስ?» አለችኝ። ገብሱን ራሷ ቆላች፣ በቡና መፍጫ ፈጨች፣ ሦስት ጊዜ ነፋች። ከዚያ በመሻገሪያዬ ቀን፣ አጠገቤ ከሚሄደው አጃቢ ጀልባ ላይ ሆና፣ በማርና ለብ ባለ ውሃ በጥብጣ፣ ጠርሙሱን በገመድ አስራ በየ30 ደቂቃው ወረወረችልኝ። ካፒቴን ማቲው ዌብ እ.ኤ.አ. በ1875 ቻናሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋኝቶ ሲሻገር ብራንዲና የሥጋ መረቅ እየጠጣ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶበታል። በሶ የምታቀብል ጓደኛ ቢኖረውማ... ዝም ልበል።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ጾመኛ ነበረች። ሰሞኑ ፍልሰታ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከዶቨር ስንነሳ ጀምሮ ባዶ ሆዷን ስታስመልስ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፣ ያውም ጀልባው ላይ ሆና የዋናውን ሕግ ከምትቆጣጠረው ታዛቢ አፍ። ታስመልሳለች፣ አፏን ትጠርጋለች፣ በሶ ትበጠብጣለች። እኔ ቀና ስል የማየው ግን ስትስቅ ነው።

እማዬ፣ ሳልነግርሽ ስለገባሁ ይቅር በይኝ። ብነግርሽ አትለቂኝም ነበር።

ወደ እሷ ልመለስ። የጀልባው ካፒቴን «ስንት ቀረ ካለች እንዳትነግሯት» ብሏቸው ነበር ለካ። በ7ኛው ሰዓት ስጠይቃት «ትንሽ» አለችኝ። በ10ኛውም «ትንሽ»። በ13ኛው ሰዓት የፈረንሳይ ዳርቻ፣ ካፕ ግሪ ኔ፣ ፊት ለፊቴ ተገትሯል። ብዋኝ ብዋኝ አይቀርብም፤ ማዕበሉ ወደ ጎን ይወስደኛል። በአማርኛ ስሳደብ (ማንም ያልገባው ጥሩ ነው) ነጩን ሰሌዳ አንስታ በማርከር «ጀበናው ተጥዷል፣ ዋኚ!» ብላ ጻፈችልኝ። ውሃ እስክጠጣ ሳቅሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው። ጀልባውንም ሰውንም መንካት የለም፤ ከተነካሽ አበቃ። በ11ኛው ሰዓት ጄሊፊሽ የሚሉት ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ፊቴን ገረፈኝና እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሷ ሳታስበው እጇን ዘረጋች። ታዛቢዋ ጮኸች። እጇን ሰበሰበች፣ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው፣ እዚያው ሆና አብራኝ አለቀሰች። ያቺን እጅ እያየሁ ነው የቀረውን የዋኘሁት።

የጀልባው ሠራተኞች፣ ታዛቢዋ፣ ቅዳሜና እሁድ ዶቨር ላይ ቫዝሊን የቀባችሁን በጎ ፈቃደኞች፣ ሽፍት የቀየራችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የማኅበራችን ሰዎች፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካችሁ። አንድ መስመር ብቻ እንደሰጠኋችሁ አውቃለሁ። ስማችሁን ያላነሳሁት ረስቼ አይደለም፤ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብዘል ይቆጨኛል። እንዳትቀየሙኝ።

ፈረንሳይ ድንጋዩን ነክቼ ወደ ጀልባው ስመለስ መሰላሉ ላይ የጠበቀችኝ እሷ ናት። ምንም አላለችም። አንጓዬን ጨብጣ ሳበችኝ፣ ጋቢዋን አለበሰችኝ፣ ዶቨር እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም። እኔ ተኝቻለሁ፤ እሷ እንዳልተኛች ግን በማግስቱ ዓይኗን አይቼ አውቄያለሁ።

አንቺ፣ ጋቢሽን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የቫዝሊኑ ቅባት አልለቅ ብሏል። እሁድ ይዤው እመጣለሁ፤ ጀበናውን ጣጂ፣ አሁን በእውነት።