ለግብርና ሚኒስቴር፦ የአጠውልግ ናሙና ከእንሰቱ ብቻ አይወሰድ

የዕፅዋት ጤና ሥራ የምትመሩ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የማሳድግ ሰው ነኝ፣ ያደግኩትም ቆጮ በልቼ ስለሆነ የእንሰት ነገር ዝም አያስብለኝም። የምጠይቃችሁ አጠውልግ የሚባለው እንሰት የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ የገባበት ጓሮ ሲገኝ ናሙና ከእንሰቱ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ካለው ሙዝና አጥር ስር ከተተከለችው ካና አበባም አብሮ እንዲወሰድ ነው።

በሽታ አምጪው በሁሉም ላይ ያው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ከእንሰት ለይተው አወጡት፣ በ1974 ደግሞ እዚሁ አገራችን ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ፣ በ2001 ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቶ ስንቱን ማሳ እንደጨረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። እኛ ጋ ግን ወሬው አሁንም እንሰት እንሰት ነው፣ ሙዙ ሲጠወልግ ገበሬው ሌላ በሽታ ይመስለውና እንሰቱን የቆረጠበትን ቢላ እሳት ሳያስነካ ሙዙ ላይ ያሳርፈዋል።

ባክቴሪያውን ለይቶ ማውጣቱም እንደ ተክሉ ይለያያል። የእንሰቱ ግንድ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፣ ግን የበሰበሰው ቦታ ላይ ሌላም ባክቴሪያ ስለሚፈላ ናሙናው ገና መጠውለግ ከጀመረው ቅጠል ስር ቢወሰድ ይሻላል። ሙዝ ላይ ፍሬው ያለጊዜው ይበስላል ውስጡም ይጠቁራል፣ ነፍሳት በወንዴው አበባ በኩል ስለሚያስገቡት የአበባው ዘንግም አይዘለል። ባክቴሪያው ሴፋሌክሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የገባበት ሚዲያ (ማሳደጊያ ምግብ) ላይ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲያድግ ቢጫ፣ ክብ፣ ዝልግልግ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ይሰጣል፣ ቢጫ ሁሉ ግን ዛንቶሞናስ አይደለም፣ እዚህ ላይ አደራ። ጤነኛ ችግኝ ተወግቶበት ጠውልጎ ከሱ ያው ባክቴሪያ ተመልሶ ሲወጣ ነው ማረጋገጫው። ከሙዝ የወጣው እንሰት ላይ፣ ከእንሰት የወጣው ሙዝ ላይ፣ ከካና የወጣው ሁለቱም ላይ ይሞከር።

ይሄ ለዝርያ መረጣም ወሳኝ ነው። እንደ ማዚያ ያለ ይቋቋማል የሚባል እንሰት ከእንሰት በወጣ ባክቴሪያ ብቻ ተፈትኖ ለገበሬ ከተሰጠ ሙዝ የበዛበት ጓሮ ውስጥ ምን እንደሚሆን በምን እናውቃለን?

ስለዚህ የተለየው ባክቴሪያ ሁሉ ከየትኛው ተክል፣ ከየት ቀበሌ፣ መቼ እንደወጣ ተጽፎበት አንድ ቦታ ከቅዝቃዜ በሚጠብቀው ፈሳሽ በግሊሰሮል ውስጥ ሆኖ በጥልቅ ፍሪዘር ይቀመጥ፣ የክልል ላብራቶሪዎችም ሲፈልጉ ያግኙት። ውጤቱ ደግሞ በአንድ ወረቀትም ቢሆን ወደ ቀበሌው ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ይመለስ፣ ካናዋ ትነቀል ወይ ብሎ ገበሬው የሚጠይቀው እሱን ነው።