«ዋው» ብቻ አይበቃንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ታወቁ ድምፃውያን ብዙ ይጽፋል። ይጻፍ፣ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። ዛሬ ግን ስለ እኛ ስለ አማተሮቹ ልጽፍ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ከትምህርት መልስ ስለምንዘፍነው፣ ማታ ማታ በስልካችን ቀድተን ለጓደኛ «እስኪ ስማውና ንገረኝ» ብለን ስለምንልከው። ብዙ ነን። አብዛኞቻችን የድምፅ መምህር የለንም። ስቱዲዮም የለንም። ያለን እርስ በርሳችን ነው፣ እርስ በርሳችን የምንሰጣጠው አስተያየት ደግሞ በጣም ደካማ ነው።

ምን እንደምንባባል ታውቁታላችሁ። «ዋው»፣ «ድምፅህ ያምራል»፣ «በርቺ»፣ ከዚያ የጭብጨባ ምልክት። ይሄ በአንድ ወገን ነው። በሌላ ወገን ደግሞ «ይቅርብህ፣ ድምፅ የለህም» የሚል አለ። ለእኔ ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። ዘፋኙ ነገ ሊለማመድ ሲቀመጥ ምኑን ይለውጥ? «ዋው» አይነግረውም። «ድምፅ የለህም»ም አይነግረውም፣ እሱ ላይ ደግሞ ቁስሉ ይጨመራል።

የባዶው ሙገሳ ምንጩ ክፋት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ጊታር የሚጫወት ሰው ክሩ ረግቧል ቢባል ክሩን ያጠብቃል። የዘፋኝ መሣሪያ ግን የገዛ ጉሮሮው ነው፤ ስለ ድምፁ የተነገረው ሁሉ ስለ እሱነቱ የተነገረ ይመስለዋል። ይህን እናውቃለንና ፊት አይተን እናልፋለን። ዝም ባልን ቁጥር ግን ወዳጃችን ያንኑ ስህተት እየተለማመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተለማመዱትን ስህተት ማስተው ደግሞ አዲስ ዘፈን ከመማር ይከብዳል።

ይሉኝታ የት ድረስ እንደሚወስድ ለማየት የፍሎረንስ ፎስተር ጄንኪንስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካዊት ናት፣ ሀብታም ነበረች፣ ሙዚቃን ከልቧ ትወድ ነበር። ለዓመታት የዘፈነችው ራሷ ለመረጠቻቸው እንግዶች ነው፤ ኖታዎቹን እንደምትስት የሰማ ሁሉ ያውቃል፣ እንግዶቹ ግን ሳቃቸውን ውጠው ያጨበጭቡ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1944፣ በ76 ዓመቷ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ካርኔጊ አዳራሽ ለሕዝብ ዘፈነች። ትኬቱ አልቆ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የጋዜጣ ሐያስያንም ገቡ፣ ያልራሩ ጽሑፎችም ወጡባት። ወሩ ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር 26፣ ሞተች። ሞቷን በጽሑፎቹ አላሳብብም። ግን ዓመታት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጠው ከነበሩት ወዳጆቿ መካከል በፍቅር «እዚህ ቦታ ላይ ስተሻል» ያላት ቢኖር ኖሮ እላለሁ። እሷን አይደለም የምወቅሰው፣ አጨብጫቢዎቹን ነው።

ራሳችንን ለምን አንሰማም የሚል ይኖራል። እንሰማለን፣ ግን እንደ ሌላው ሰው አይደለም። የራሳችን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ወደ ጆሯችን ይገባል፤ አጥንት ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ለራሳችን ስንሰማው የበለጠ ጎርነን ያለና ሞላ ያለ ይመስለናል። መጀመሪያ በቅጂ የሰማው ሰው ሁሉ «ይሄ እኔ ነኝ?» የሚለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እየዘፈንን ግጥም እናስታውሳለን፣ ምት እንጠብቃለን፣ ስሜቱ ውስጥ እንገባለን። ስለዚህ የሌላ ሰው ጆሮ የግድ ያስፈልገናል።

ጥሩ አስተያየት ምን እንደሚመስል አንድ ልንገራችሁ። ከምንዘፍነው ጓደኛሞች መካከል አንዲት ልጅ አለች። ዝግ ያለ ዘፈን ስትዘፍን የአዝማቹ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ይወርድ ነበር። ለረጅም ጊዜ «ታምሪያለሽ» ስንላት ከረምን። አንድ ሁለት ሰው ደግሞ «ድምፅሽ አቅም የለውም» አላት፣ እሷም አምናው ነበር፤ ከእንግዲህ ተቀባይ ብቻ ልሁን ማለት ጀምራለች። ከዚያ ሙዚቃ ተምሮ የማያውቅ አንድ ጓደኛችን ቅጂውን ደጋግሞ ሰማና እንዲህ ብሎ ጻፈላት፤ «1፡12 ላይ ትንፋሽ ወስደሻል፣ ግን ትንሽ ነው፣ ከቀደመው ስንኝ ሳትወጪ ስለሆነ ተጣድፈሻል። 1፡16 ላይ የመጨረሻው ቃል ሲደርስ መጀመሪያ ድምፅሽ ይሳሳል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው አዝማች ላይም ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ግን አልወረደም። እዚያ ቀደም ብለሽ ነው የተነፈስሽው፣ ቃሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል።»

ግጥሙን ወረቀት ላይ ጻፈችና መተንፈሻዎቹን በእርሳስ ምልክት አደረገችባቸው። የቀደመውን ስንኝ መጨረሻ እያስረዘመች መያዙን ትታ ትንሽ ቆረጥ አደረገችው፣ ለትንፋሽ ቦታ ተገኘ። ደግማ ስትልከው ቃሉ ቆሞ ነበር። አቅም የለውም የተባለው ድምፅ ያው ድምፅ ነው፣ የጎደለው አየር ነበር። ያ ልጅ የጻፈላት ነገር ውስጥ «ጎበዝ» የሚል ቃል የለም፤ ግን ሦስተኛው ላይ ተሳክቶልሻል ያላት ከሺህ «ጎበዝ» ይበልጣል፣ ምክንያቱም ምን እንዳደረገች ነግሯታል፣ መድገም ትችላለች።

እዚህ ላይ የምለምነው ነገር አለ። የሰማችሁትን ንገሩ፣ ምክንያቱን ለመፍረድ አትቸኩሉ። «ከቅኝት ወጣህ» ማለት ቀላል ነው። ለምን ወጣ የሚለው ግን ብዙ መልስ አለው። ትንፋሽ አልቆበት ሊሆን ይችላል። ዘፈኑ ለድምፁ በጣም ከፍ ብሎ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ማለት ነው) ዝቅ ቢደረግ ችግሩ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከፍ ያለው ኖታ ላይ «ኢ» ወይም «ኡ» መጥቶበት አፉ ጠቦ ሊሆን ይችላል። አጃቢ ሙዚቃው በደንብ ላይሰማውም ይችላል። «ይሄ ቃል ላይ ዝቅ ብሎ ተሰማኝ» ብትሉት ግን የቀረውን ራሱ ይፈልገዋል፣ ወይም አብራችሁ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ቲውነር፣ ማለትም ድምፅ ኖታው ላይ መሆኑን በመርፌ የሚያሳይ መተግበሪያ፣ ጭኗል። ጠቃሚ ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ ሴንት በሚባሉ 100 ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ ቲውነሩ 30 ሴንት ዝቅ ማለታችሁን ያሳያችኋል፣ ረጅም ኖታ ለመለማመድ ያግዛል። ግን መርፌው ወዲያ ወዲህ አለ ብሎ ሰውን መተቸት ልክ አይደለም። የሰው ድምፅ እንደ ፒያኖ ቁልፍ አንድ ቦታ ተተክሎ አይቆምም። ቪብራቶ ያለው ዘፋኝ ድምፁ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው መንሸራተት፣ ቅላፄ ማስገባት፣ ይህ ሁሉ ለመርፌው ስህተት ሊመስለው ይችላል፣ ለጆሮ ግን ውበቱ እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጆሮ።

ስህተትንና ምርጫንም አንቀላቅል። ኖታውን መሳት፣ ከምቱ መቅደም ወይም መዘግየት፣ ቃሉ አለመሰማት፣ እነዚህ ቦታቸው ሊጠቆም ይችላል። «በአፍንጫህ ስትዘፍን አልወድም»፣ «ቅላፄ አበዛሽ» ግን የሰሚው ምርጫ ነው። መናገር ክልክል አይደለም፣ ግን «እኔ አልወደድኩትም፣ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ከታወቀ ድምፃዊ ጋር ማወዳደር ግን ጭራሹን ይቅር። የዚያን ሰው ጉሮሮ ማንም ሊያመጣለት አይችልም።

«የሚወድህ ያስለቅስሃል» የሚለውን ተረት እየጠቀሱ ሰው የሚያዋርዱ አሉ። አልስማማም። ማስለቀስ እውነተኛነት አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው ልጅ ሳለ የመዝሙር መምህሩ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብለው ከኋላ አቆሙት። አዋቂ ሆኖም ሰው ባለበት አንድ ስንኝ አይዘፍንም። በጣም ያናድደኛል። ኖታን ከኖታ መለየት የማይችሉበት የተፈጥሮ ችግር ያለባቸው ሰዎች እንዳሉ ይታወቃል፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ ሰፋ ያለው ግምት እንኳ ከ100 ሰው ከ4 አይበልጥም። ዜማ ከሚስቱት ብዙዎቹ በደንብ ይሰማሉ፤ የሚያስቸግራቸው የሰሙትን በጉሮሯቸው ማግኘቱ ነው። እሱ ደግሞ በልምምድ ይሻሻላል። ልጁን ከኋላ ከማቆም አንድ ኖታ አብሮት ይዞ መቆየት ይቻል ነበር።

ጊዜና ቦታም አለው። ገና ከመድረክ የወረደ ሰው ልቡ እየመታ ነው። ያን ማታ አመስግኑት፣ ይብቃው። ዝርዝሩን ሲጠይቃችሁ፣ ወይ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ ለብቻው ንገሩት። ሰው ፊት አይሆንም። መስማት ስትጀምሩ ደግሞ መጀመሪያ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻ ስሙት፣ ከዚያ በድጋሚ ሰዓቱን እየያዛችሁ። አምስት ነገር ብታገኙም ሁለቱን ብቻ ንገሩት፣ ሰው በአንድ ሳምንት አምስት ነገር አያስተካክልም።

አስተያየት ተቀባዩም ሥራ አለበት። «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ቆንጆ ነው» ቢባል መገረም የለበትም። «ሁለተኛው አዝማች ላይ ከፍ የሚለው ኖታ ደርሷል?»፣ «ቃሎቹ ይሰማሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ይሉኝተኛውም ሰው እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል። አስተያየቱ ሲመጣ ደግሞ «ጉንፋን ይዞኝ ነበር»፣ «ማይኩ ነው» እያላችሁ አትከራከሩ፤ እውነት ቢሆንም እንኳ ቆይቶ ይደርሳል። ጻፉት፣ አመስግኑ፣ ቅጂውን ከፍታችሁ ያንን ቦታ ስሙት። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ካሳረፉ እዚያ የሆነ ነገር አለ። ሦስቱም የተለያየ ነገር ካሉ አትደናገጡ፣ ምናልባት ምርጫቸውን እየነገሯችሁ ነው። ሁሉንም መቀበል ግዴታ የለባችሁም፣ ዘፈኑ የእናንተ ነው።

ስለ ቅጂው ትንሽ ልበል፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከሱ ነውና። በብሉቱዝ ሄድፎን አጃቢ ሙዚቃ እየሰማችሁ አትቅዱ። ብሉቱዝ ሙዚቃውን አዘግይቶ ነው የሚያደርሳችሁ፤ እናንተ ከሰማችሁት ጋር ልክ ዘፍናችሁ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ድምፃችሁ ከምቱ ወደኋላ ይቀራል። ሰሚው «ምት አትጠብቅም» ይላችኋል፣ ጥፋቱ ግን የእናንተ አይደለም። ሽቦ ያለው ይሻላል። ኤኮና ሪቨርብም፣ ማለትም ድምፅን የሚያስተጋቡትን ማሳመሪያዎች፣ አጥፉ። ድምፅ ያሳምራል፣ ግን የኖታውን መጨረሻ ይሸፍነዋል፣ ሰሚው ሊነግራችሁ የሚገባውን ነገር ይደብቅበታል። ስልኩንም አፋችሁ ላይ አትለጥፉት፤ ጮክ ስትሉ ድምፁ ይሰነጠቅና ጉሮሯችሁ የተሰነጠቀ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ይሉኝታ ፈጽሞ አይሠራም። ጓደኛችሁ ሲዘፍን ጉሮሮው እንደሚያመው ከነገራችሁ፣ ወይም ድምፁ ሻክሮ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ «ልምምድ ነው፣ ያልፋል» አትበሉት። አቁም፣ ሐኪም ጋ ሂድ በሉት። የድምፅ አውታር ስስ ነገር ነው፣ በግድ ሲሠራበት ይጎዳል።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ አንዲት ጥግ ስጡን። አንድ የድምፅ መምህር ወይም ልምድ ያለው ድምፃዊ የአንድ አማተር ቅጂ ይስማ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ስሙ ሳይጠቀስ፣ የትኛው ሰከንድ ላይ ምን እንደሰማና ምን ቢሞክር እንደሚሻል ይጻፍ። የተሳካውንም ቦታ ይጻፍ። ግማሽ ዓምድ ይበቃል፣ በወር አንዴም ቢሆን። ፈቃደኛ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አማተር ዘፋኝ